ከጋለ ብረት እስከ ሳተላይት ሰዓት፦ የዘመናዊ ፊዚክስ ሁለት ምሰሶዎች

ዘመናዊ ፊዚክስ የቆመው በአንጻራዊነት ንድፈ ሐሳብና በኳንተም ሜካኒክስ ላይ ነው። የመጀመሪያው ስለ ጊዜ፣ ስለ ህዋና ስለ ስበት ይናገራል። ሁለተኛው ስለ አቶምና ከአቶም በታች ስላለው ዓለም። ሁለቱም መሠረታቸው የተጣለው ከ1900 እስከ 1927 ባሉት ዓመታት ነው (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)።

ነገሩ የጀመረው ከጋለ ብረት ነው ማለት ይቻላል። ብረት እሳት ውስጥ ሲቆይ መጀመሪያ ይቀላል፣ ቀጥሎ ቢጫ ይሆናል፣ ከዚያ ወደ ነጭ ይጠጋል። የድሮው ፊዚክስ ይህን ለማስላት ሲሞክር መልሱ አልመጣ አለው። በዲሴምበር 1900 ማክስ ፕላንክ በርሊን ላይ አንድ ሐሳብ አቀረበ፦ ጉልበት (ኢነርጂ) እንደ ውኃ አይፈስም፣ እንደ ሳንቲም ተቆጥሮ ነው የሚሰጠው። ኳንተም የሚባለው ይህ አንድ ሳንቲም ነው። ግማሽ ሳንቲም የለም። ስሌቱም ልክ መጣ።

በ1905 አልበርት አይንስታይን ብርሃን ራሱ እንዲህ የተቆጠረ ነው አለ። ያኔ 26 ዓመቱ ነበር፤ ስዊዘርላንድ፣ በርን ከተማ፣ ፓተንት ቢሮ ውስጥ ነበር የሚሠራው። በዚያው ዓመት ልዩ አንጻራዊነትንም አወጣ። አንጻራዊነት ሲባል «ሁሉም እንደየሰዉ ነው» ማለት የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። አይደለም። መነሻው ጭራሽ የማይለወጥ ነገር ነው፦ ቆመህም ሆነ እየበረርክ ብትለካው፣ በባዶ ህዋ ውስጥ የብርሃን ፍጥነት በሰከንድ 299,792,458 ሜትር ነው። እሱ አልለወጥ ካለ፣ መለወጥ ያለበት ጊዜና ርቀት ነው። ስለዚህ በፍጥነት የሚጓዝ ሰዓት ይዘገያል።

በ1915 ደግሞ ስበት ጉተታ ሳይሆን የህዋና የጊዜ መጉበጥ መሆኑን አሳየ። በሜይ 1919 የፀሐይ ግርዶሽ ጊዜ የእንግሊዝ ተመራማሪዎች በፀሐይ አጠገብ የሚያልፍ የከዋክብት ብርሃን መታጠፉን ለኩ።

ይህ ሁሉ ስልካችን ካርታ ላይ ያለንበትን ሲያሳየን ይሠራል። የጂፒኤስ ሳተላይቶች ከምድር 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ይዞራሉ። በፍጥነታቸው የተነሳ ሰዓታቸው በቀን 7 ማይክሮ ሰከንድ (የሰከንድ ሚሊዮንኛ) ያህል ይዘገያል። እዚያ ላይ ስበቱ ስለሚላላ ደግሞ 45 ያህል ይቀድማል። ሁለቱ ሲቀናነሱ 38 ማይክሮ ሰከንድ ትርፍ ይመጣል። ትንሽ ይመስላል፤ ግን ብርሃን በዚያች ጊዜ ከ11 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። ለዚህ ነው ሰዓቶቹ ገና ሳይወነጨፉ ሆን ተብሎ በጥቂቱ እንዲዘገዩ የሚደረገው።

ኳንተም ሜካኒክስ የተሟላው ከ1925 ወዲህ በሃይዘንበርግ፣ በሽሮዲንገርና በማክስ ቦርን እጅ ነው። ከሙከራዎቹ ሁሉ ለእኔ የሚደንቀኝ አንዱ ነው። ኤሌክትሮኖች አንድ በአንድ ወደ ሁለት ቀጫጭን ስንጥቆች ይላካሉ። እያንዳንዱ ከጀርባ ባለው መቅረጫ ላይ አንዲት ነጥብ ይጥላል። መጀመሪያ ነጥቦቹ እንዲሁ የተበተኑ ይመስላሉ። በሺዎች ሲቆጠሩ ግን ደመቅና ፈዘዝ ያሉ መስመሮች ብቅ ይላሉ፤ የሞገድ ምልክት። ኤሌክትሮኖቹ ግን አብረው አልሄዱም! በየትኛው ስንጥቅ እንዳለፉ የሚያይ መሣሪያ ከተተከለ መስመሮቹ ይጠፋሉ። ንድፈ ሐሳቡ የሚነግረን ነጥቧ የት ልታርፍ እንደምትችል ዕድሉን ብቻ ነው። አይንስታይን ይህን እስከ ዕለተ ሞቱ ሙሉ በሙሉ አልተቀበለም። የፊዚክስ ሊቁ ጆን ቤል በ1964 ክርክሩ በሙከራ የሚፈተንበትን መንገድ አገኘ፤ ውጤቱም ለኳንተም ሜካኒክስ ፈረደ። ከሞካሪዎቹ ሦስቱ በ2022 ኖቤል ተሸለሙ።

ሁለቱ ንድፈ ሐሳቦች ግን እርስ በርስ ገና አልታረቁም። ብርሃን እንኳ በማያመልጠው የጥቁር ጉድጓድ እምብርት ላይ ሁለቱም በአንድነት ያስፈልጋሉ፤ እዚያ ሲደርስ ግን የአንጻራዊነት ስሌት ይፈርሳል። ስበትን ከኳንተም ጋር የሚያጣምር፣ በሙከራ የተረጋገጠ ንድፈ ሐሳብ እስከ ዛሬ የለም።