ኳርትዝ ሰዓት ምንድን ነው? ከሚሞላውስ በምን ይለያል?

ጅማ መርካቶ መንገድ ዳር የእጅ ሰዓት ደርድረው ከሚሸጡት አንዱ ጋ ቆም ብላችሁ «ይሄ እንዴት ነው?» ብትሉት መልሱን ታውቁታላችሁ። «ኦርጂናል ነው!» ይላችኋል። የሚሻለው ጥያቄ ሌላ ነው። ሰዓቱ የሚሠራው በባትሪ ነው ወይስ በሞላ? ፊቱ ላይ በትንሹ «ኳርትዝ» ተብሎ ከተጻፈ በባትሪ ነው።

ኳርትዝ ማዕድን ነው። አሸዋ ውስጥ ሳይቀር ሞልቷል። አንድ የሚገርም ጠባይ አለው፤ ሲጫኑት ኤሌክትሪክ ይፈጥራል። ይህን እ.ኤ.አ. በ1880 ያሳዩት ፈረንሳውያኑ ወንድማማቾች ፒየር እና ዣክ ኩሪ ናቸው። ነገሩ በተቃራኒውም ይሠራል። ኤሌክትሪክ ሲሰጡት ይንቀጠቀጣል፤ ያውም በጣም እኩል በሆነ ፍጥነት።

ሰዓት ውስጥ ያለው ኳርትዝ ባለ ሁለት ጣት ሹካ ቅርጽ አለው። ከሩዝ ፍሬ እምብዛም በማይበልጥ የብረት ቆርቆሮ ውስጥ ታሽጎ ይቀመጣል። ባትሪው ሲነካው በሰከንድ 32,768 ጊዜ ይርገበገባል። ቁጥሩ እንዲያው የመጣ አይደለም። 32,768ን ለሁለት ክፈሉት፣ የወጣውን ደግሞ ለሁለት፣ እንዲህ እያላችሁ 15 ጊዜ ስትከፍሉ 1 ላይ ትደርሳላችሁ። ሰዓቱ ውስጥ ያለችው ሰርኪዩት፣ ማለትም ትንሿ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ፣ ሥራዋ ይኸው ማካፈል ነው። በየሰከንዱ አንድ ምት ለትንሽ ሞተር ትልካለች፤ ሞተሩ የሰከንድ ቆጣሪውን አንድ እርምጃ ይገፋል። የባትሪ ሰዓት ቆጣሪ ቆም፣ ዘለል፣ ቆም፣ ዘለል የሚለው ለዚህ ነው። ሻጩ «አውቶማቲክ ነው፣ ባትሪ አይፈልግም» እያላችሁ ቆጣሪው በሰከንድ አንዴ የሚዘል ከሆነ ኳርትዝ ነው ብላችሁ ዋጋ ተከራከሩ።

የሚሞላው ሰዓት ውስጥ ባትሪ የለም። ጎኑ ላይ ያለችውን መሙያ ስታዞሩ ውስጥ ያለ የተጠቀለለ ሞላ ይጠብቃል። ሞላው ሲፈታ ጥርሳም ጎማዎችን ያዞራል። ዝም ቢባል ግን በአፍታ ተፈትቶ ያልቅ ነበር። ስለዚህ ጥርሳም ጎማዎቹን የሚይዝ ፍሬን እና ወዲያና ወዲህ የምትወዛወዝ ትንሽ ጎማ አሉ። እሷ በተወዛወዘች ቁጥር ፍሬኑ አንድ ጥርስ ብቻ ያሳልፋል። ጆሯችሁ ላይ ስታስጠጉት የምትሰሙት ቅጭ ቅጭታ የዚህ ፍሬን ድምፅ ነው። ብዙዎቹ በሰከንድ 6 ወይም 8 ጊዜ ይመታሉ፤ ቆጣሪውም የሚንሸራተት ይመስላል። አውቶማቲክ የሚባለውም ከዚህ የተለየ ዘር አይደለም። ክንዳችሁ ሲንቀሳቀስ የሚዞር ክብደት ውስጡ ስላለ ራሱን ይሞላል። ብዙዎቹ ከሞሉ በኋላ ሳይደረጉ 40 ሰዓት ገደማ ይሄዳሉ። ዓርብ ማታ አውልቃችሁ ያስቀመጣችሁት እሑድ ረፋድ ላይ ቆሞ ብታገኙት አትደንግጡ። አልተበላሸም።

በትክክለኛነት ከሄድን ውድድር የለም። ተራ ኳርትዝ በወር 15 ወይም 20 ሰከንድ ቢሳሳት ነው። ለሚሞላ ሰዓት ግን ይህ የአንድ ቀን ስህተት ሊሆን ይችላል። በስዊዘርላንድ ተፈትኖ ምስክር ወረቀት የሚሰጠው ባለ ሞላ ሰዓት እንኳ በቀን 4 ሰከንድ እንዲዘገይ፣ 6 ሰከንድ እንዲፈጥን ይፈቀድለታል። የመንገድ ዳሯ ርካሽ ሰዓት ውዱን ትበልጠዋለች ማለት ነው፤ ባለቤቱ ባይወድም።

ኳርትዝ ሲጀመር ርካሽ አልነበረም። የጃፓኑ ሰዓት ሠሪ ኩባንያ ሴይኮ የመጀመሪያውን የኳርትዝ የእጅ ሰዓት አስትሮንን ቶኪዮ ላይ ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 25 ቀን 1969 ነበር። ዋጋው 450,000 የን ነበር፤ በጊዜው ትንሽ መኪና የሚገዛ ገንዘብ። ከዚያ በኋላ ዋጋው ወደቀ፤ ብዙ የስዊዝ ፋብሪካዎችም ተዘጉ።

አሁን ወደ እኛ ጣጣ። ቀን የሚያሳይ ሰዓት የምታስሩ ከሆነ ይህቺን ልብ በሉ። ቆጣሪዎቹ በ24 ሰዓት ውስጥ 12ን ሁለት ጊዜ ያልፋሉ፤ ቀኑ የሚቀየረው በአንደኛው ብቻ ነው። ሰዓቱ የተሠራው ለፈረንጅ እኩለ ሌሊት ነው። እኛ በራሳችን አቆጣጠር ስናስተካክለው ግን 12 የሚሆነው ንጋት ላይ ወይም ማታ ላይ ነው። ቀናችሁ ማታ 12 ላይ ከተለወጠ ቆጣሪውን 12 ሰዓት ወደፊት አዙሩት፤ ከዚያ በኋላ ጠዋት ይለወጣል። ሌላም አለ። የሰዓቱ ቀን እስከ 31 ይቆጥራል፣ የኛ ወር በ30 ያልቃል። ስለዚህ በየወሩ መባቻ በእጅ ማስተካከል ነው። ጳጉሜን ጭራሽ አያውቃትም! ቀኑን ለብቻው ስታስተካክሉ ደግሞ መጀመሪያ ቆጣሪዎቹን 6 አካባቢ አድርጓቸው። 12 አጠገብ ሆነው ከነካካችሁት የቀኑን ጥርስ ልትሰብሩ ትችላላችሁ። እኔን ከጠየቃችሁኝ ቀን የሌለው ይሻላል።

ታዲያ የቱ ይገዛ? ፈተና ላለበት የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ሌሊት 11 ሰዓት መናኸሪያ ለሚገኝ ሰው፣ ሰዓቱን አንዳንዴ ብቻ ለሚያስር ሁሉ ኳርትዝ በቂ ነው። ባትሪው ሁለት ሦስት ዓመት ይሄዳል፤ የሚቀይርም አይጠፋም። የሚሞላውን የሚገዛ በየቀኑ የሚያስረውና የውስጡን አሠራር የሚወድ ሰው ነው። ከመግዛቱ በፊት ግን ሰዓት ሠሪ ይፈልግ። ባትሪ መቀየር አንድ ነገር ነው፣ ሰዓት ፈትቶ አጥቦ፣ ዘይት ሰጥቶ መልሶ መግጠም ሌላ። በጥቂት ዓመታት አንዴ ይህ ያስፈልገዋል። የጅማ ክረምት ደግሞ ለሁለቱም አይራራም። ጀርባው ላይ ውኃ የሚችልበት ልክ 30 ሜትር ተብሎ ቢጻፍም ለዝናብና ለእጅ መታጠቢያ ነው እንጂ ለዋና አይደለም።

ስለ ማስቀመጥም አንድ ነገር ልጨምር። ባትሪው ያለቀ ሰዓት መሳቢያ ውስጥ ከተረሳ ባትሪው ያፈስና ሰርኪዩቷን ይበላታል። ስለዚህ የማታስሩት ከሆነ ባትሪውን አስወጡት። የሚሞላው ሃያ ዓመት ቢቀመጥም የሚደርቀው ዘይቱ ነው። የአባታችሁ የድሮ ሰዓት ቤት ውስጥ ካለ ግን መሙያውን እያዞራችሁ አትሞክሩት። በደረቀ ዘይት ሲሄድ ብረት ብረትን ይበላል። መጀመሪያ ሰዓት ሠሪ ይጠበው።