የከተማ ምክር ቤት አባል፦ ከየት ይመጣል፣ ምን ይሠራል?

ምክር ቤት ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ የሚያስበው ፓርላማን ነው። የታችኛው እርከን ግን ሌላ ዓለም ነው። የመናፈሻው አግዳሚ ወንበር ሲሰበር ወይም የመቃብሩ ሥፍራ አጥር ሲወድቅ የሚጠየቀው የከተማዋ ምክር ቤት አባል ነው።

ለወንበሩ ዲግሪ አይጠየቅም። አስተማሪም ነርስም ባለሱቅም ይቀመጥበታል። ብዙዎቹ በወላጆች ኮሚቴ ወይም በስፖርት ክለብ ሲያገለግሉ ቆይተው የመጡ ናቸው። በአንድ ቀን ንዴት የሚገባም አለ። ሰፈሩ ውስጥ ሊሠራ የታሰበ ነገር አናዶት ስብሰባ ይሄዳል፣ በዚያው ይቀራል።

እንግሊዝን እንይ። በዚያ የአጥቢያ ምክር ቤቶች (ዝቅተኛው የአስተዳደር እርከን) የተቋቋሙት እ.ኤ.አ. በ1894 በወጣ ሕግ ነው። የ1972ቱ ሕግ ደግሞ አጥቢያው ከፈለገ ራሱን «የከተማ ምክር ቤት» ብሎ እንዲጠራ ፈቀደ። ትንሹ ምክር ቤት 5 አባላት አሉት። ለመወዳደር 18 ዓመት መሙላት ግድ ነው። ዘመኑ 4 ዓመት ነው። ሥራው አብዛኛውን ጊዜ ደመወዝ የለውም፣ ስብሰባውም ማታ ማታ ነው። ታዲያ ጡረተኛ ቢበዛ ምን ይገርማል? ልጅ የሚያሳድግ ሰው ጊዜውን ከየት ያመጣዋል? ተወዳዳሪ ጠፍቶ ያለ ድምፅ የሚገባም ብዙ ነው።

ማን ይግባ የሚለውን በሕግ የነኩ አገሮችም አሉ። ሕንድ እ.ኤ.አ. በ1992 ሕገ መንግሥቷን አሻሽላ ከአካባቢ ምክር ቤቶች ወንበር ቢያንስ አንድ ሦስተኛውን ለሴቶች ለይታለች።

ነዋሪው ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው አባሉ ባለው ሥልጣን ላይ ነው። አንድ አባል ብቻውን ምንም ማዘዝ አይችልም። ያለው አንድ ድምፅ ነው፤ የሚወስነው ጉባኤው ነው። በእንግሊዝ በእነዚህ የከተማ ምክር ቤቶች ከንቲባ የሚባለውም በየዓመቱ የሚመረጥ ሰብሳቢ ነው፣ ሥራውም ባብዛኛው ክብረ በዓል ነው። በፈረንሳይ ግን አባላቱ ከመካከላቸው የሚመርጡት ከንቲባ እውነተኛ ሥልጣን ይይዛል።

ሌላም አለ። አስፋልቱ ተቦረቦረ ብሎ የሚደውል ነዋሪ አይጠፋም። በእንግሊዝ መንገድ ብዙ ጊዜ የካውንቲው (ከወረዳ በላይ ያለው አስተዳደር) ሥራ ነው፤ የግንባታ ፈቃድም የወረዳው። የከተማው ምክር ቤት በግንባታው ላይ አስተያየት ይሰጣል እንጂ አይፈቅድም። የራሱ ድርሻ መናፈሻ፣ አዳራሽ፣ የአውቶቡስ መጠለያ፣ የመቃብር ሥፍራ ነው። ሰነፍ አባል «እኛን አይመለከትም» ብሎ ስልኩን ይዘጋል። ጎበዙ የትኛው ቢሮ፣ የትኛው ሰው ጋ እንደሚኬድ ያውቃል። ደብዳቤውን ራሱ ጽፎ፣ መልሱ ሲዘገይ ደግሞ ይደውላል። በእኔ እይታ የአባልነቱ ግማሽ ይኸው ነው፣ ቃለ ጉባኤ ላይ ግን አይሰፍርም።

በእንግሊዝ፣ በሚወሰነው ጉዳይ የግል ጥቅም ያለው አባል ይህንኑ አስታውቆ ከድምፁ ይወጣል። ያለ በቂ ምክንያት 6 ወር ሙሉ ከስብሰባ የቀረ ወንበሩን ያጣል። እየተገኘ ዝም የሚለውን የሚያስወጣ ሕግ ግን የለም። እሱን መራጩ በ4 ዓመቱ ያየዋል፤ ያውም ሌላ ተወዳዳሪ ከተገኘ።