በጦርነት የፈረሱ ከተሞች በጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ

በጦርነት የፈረሱ ከተሞችን በጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ መዝግቦ ማስቀረት የቆየ ሥራ ነው፤ የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ሲያበቃ በ1865 እ.ኤ.አ. በእሳት የጋየችው ሪችመንድ ፎቶ ተነሥታለች። ከሁሉ ይልቅ የሚታወቁት ግን የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ምስሎች ናቸው።

ከእነዚህ አንዱ የጀርመናዊው ሪቻርድ ፔተር ሥራ ነው። በፌብሩዋሪ 1945 የብሪታንያና የአሜሪካ አውሮፕላኖች ድሬስደንን ሲደበድቡ እስከ 25,000 የሚደርስ ሰው አለቀ፤ የፔተር የፎቶግራፍ ክምችትም አብሮ ነደደ። በዚያው ዓመት ወደ ከተማዋ ተመልሶ ፍርስራሹን ለዓመታት ያነሣ ሲሆን፣ ስሙን ያስጠራው ፎቶ ከማዘጋጃ ቤቱ ግንብ ላይ ሆኖ ያነሣው ነው። በምስሉ ግንባር ደግነትን የምትወክል የድንጋይ ሐውልት ጎንበስ ብላ እጇን ዘርግታለች፤ ከሥሯ ጣሪያቸው ተገፍፎ ውስጣቸው ባዶ የቀረ ቤቶች እስከ አድማስ ተደርድረዋል። ብዙ ተመልካች መልአክ ትመስለዋለች። ሐውልቷ ከጦርነቱ በፊት የቆመች የሕንፃ ጌጥ ናት፤ የፍርስራሹ ምስክር ያደረጋት ፎቶ አንሺው የመረጠው ቦታ ነው። እንዲህ ያለው ምስል ኀዘኑን በአንድ እይታ ቢያደርስም፣ ጦርነቱን ማን እንደጀመረው አይናገርም፤ ስለዚህ ከታሪኩ ተነጥሎ መታየት የለበትም።

በጃፓን ደግሞ ዮሱኬ ያማሃታ የተባለ የጦር ሠራዊት ፎቶ አንሺ፣ ናጋሳኪ በአቶሚክ ቦምብ በተመታች ማግስት፣ ኦገስት 10 ቀን 1945፣ ከመቶ በላይ ፎቶዎችን አነሣ።

በዚያ ዘመን የቀለም ፊልም ብርቅ ስለነበር ጥቁርና ነጭ ብዙ ጊዜ የግድ ነበር። በ1991 ቤይሩት የገባው ጣሊያናዊው ጋብሪኤሌ ባዚሊኮ ግን ቀለም በሞላበት ዘመን ይህን መንገድ የመረጠው ወዶ ነው። በሥነ ሕንፃ የሠለጠነው ባዚሊኮ ከ15 ዓመት የእርስ በርስ ጦርነት በኋላ የመሐል ከተማዋን ጎዳናዎች፣ በጥይት የተበሳሱትን የሕንፃ ግንባሮች ሳይቀር፣ በእርጋታ መዘገበ፤ ሬሳም ሆነ ለቅሶ አላሳየም፤ በእኔ ግምት የሥራው ክብደት ከዚሁ ቁጥብነት የመጣ ነው። በኋላ በመልሶ ግንባታው ወቅት ከጦርነቱ የተረፉ ብዙ ሕንፃዎች በመፍረሳቸው፣ እነዚያ ፎቶዎች ጦርነቱ ላጠፋው ብቻ ሳይሆን ሰላም ከመጣ በኋላ ለተወገደውም ማስረጃ ሆነዋል።