ራስን መካድ ምንድን ነው? ለሚስትስ ምን ማለት ነው?

ከጥቂት ሴቶች ጋር በሳምንት አንድ ቀን ተገናኝተን እንጸልያለን። አንድ ቀን አንዷ አዲስ ሐሳብ አመጣች። «ዛሬ ሁላችንም የጸሎት ርዕስ እንስጥ። ግን ለባል፣ ለልጅ፣ ለእናት አይሆንም። ለራሳችን ብቻ።» ቀላል ነገር ነበር የመሰለን። ተራው አጠገቤ የተቀመጠችው ጓደኛዬ ጋ ደረሰ። ካገባች 16 ዓመት ሆኗታል። ዝም አለች። የመጽሐፍ ቅዱሷን ሽፋን ዚፕ ከፈተች፣ ዘጋች፣ ደግማ ከፈተች። «ለእኔ?» አለች በመጨረሻ። «ለእኔ እንኳን ምንም የለም። እነሱ ደህና ከሆኑ እኔም ደህና ነኝ።» አንዷ እህት በአድናቆት «ተባረኪ፤ ራስን መካድ ማለት ይሄ ነው» አለቻት።

እኔ ግን ቤቴ ከገባሁ በኋላም የዚያ ዚፕ ድምፅ ከጆሮዬ አልወጣም። እውነት ራስን መካድ ይሄ ነው? አንዲት ሴት ለራሷ የምትለምነው ነገር እስኪጠፋት ድረስ?

ቃሉ የኢየሱስ ነው። «በኋላዬ ሊመጣ የሚወድ ቢኖር፥ ራሱን ይካድ መስቀሉንም ዕለት ዕለት ተሸክሞ ይከተለኝ።» ሉቃስ 9፥23 ላይ አለ። ማቴዎስና ማርቆስም ጽፈውታል። ሉቃስ ግን ጥቅሱን ሲጀምር «ለሁሉም እንዲህ አላቸው» ይላል። ለሁሉም። ለሚስቶች ተለይቶ የተሰጠ ትእዛዝ አይደለም። ራስን መካድ የሴት ድርሻ ብቻ ተደርጎ ሲነገር በሰማሁ ቁጥር ይህች ቃል ትዝ ትለኛለች።

«መካድ» የሚለው ግስ በወንጌል ውስጥ ሌላም የምናውቀው ቦታ አለው። ጴጥሮስ ጌታውን የካደበት ሌሊት ነው። በግሪኩም በአማርኛውም ቃሉ ያው ነው። ጴጥሮስ ያን ሌሊት ያለውን እናውቃለን፤ «ሰውየውን አላውቀውም።» ጌታዬ አይደለም፣ አልታዘዘውም፣ የእሱ ወገን አይደለሁም ማለቱ ነው። ጴጥሮስ ስለካደው ግን ኢየሱስ ከመኖር አልቀረም። እኔም ራሴን ስክድ ከመኖር አልቀርም። ከዙፋኗ የምትወርደው «እኔ ያልኩት ካልሆነ» የምትለዋ እኔነቴ ናት። የምታስበዋ፣ የምትደክመዋ፣ የምትስቀዋ፣ እግዚአብሔር በስሟ የሚያውቃት ሴት ግን እዚያው አለች።

እንዲያውም ሁለት ቁጥር ዝቅ ብላችሁ አንብቡ። በዚያው ንግግር ውስጥ ኢየሱስ እንዲህ ይጠይቃል፤ ሰው ዓለሙን ሁሉ ቢያተርፍ፣ ራሱን ግን ቢያጠፋ ወይም ቢጎዳ ምን ይጠቅመዋል? ራሳችሁን ካዱ ያለው ጌታ ራስን መጉዳትን በኪሳራ መዝገብ ላይ ጻፈው። ሁለቱን አንድ ላይ የማያነብ ሰው ግማሽ ትምህርት ይዞ ነው የሚሄደው።

ይህን በደንብ ያስተማረኝ የዮሐንስ ወንጌል 13ኛ ምዕራፍ ነው። ኢየሱስ የደቀ መዛሙርቱን እግር ያጠበበት ምሽት። ብዙ ጊዜ የምናየው ውሃውንና ማበሻ ጨርቁን ነው። ዮሐንስ ግን ከዚያ በፊት የሚነግረን ነገር አለው። ኢየሱስ ከእግዚአብሔር ዘንድ እንደ መጣና ወደ እግዚአብሔር እንደሚሄድ «አውቆ» ከእራት ተነሣ ይላል። ማወቁ ቀደመ። ማን እንደሆነ ያውቃል፣ ከየት እንደመጣ ያውቃል። ልብሱን ያኖረው፣ ጎንበስ ያለውና የሰው እግር የያዘው ከዚያ በኋላ ነው። ዋጋ ለማግኘት ብሎ አላጠበም። «ካላጠብኩላቸው ይጠሉኛል» ብሎ ፈርቶም አላጠበም። ዋጋው አስቀድሞ በእጁ ስለነበረ ዝቅ ማለት አላሳነሰውም።

እኛ ሴቶች ብዙ ጊዜ በተቃራኒው ነው የምንሄደው። ቅድሚያ እናገለግላለን፣ በአገልግሎታችን ልክ ዋጋ እንዲተመንልን እንጠብቃለን። ባል «አይ የኔ ሚስት!» ሲል እንሞላለን፣ ዝም ሲል ባዶ እንሆናለን። እንዲህ ዓይነቱ ድካም መስዋዕት አይመስለኝም። ልመና ነው። ይህን ስል ልፈርድ አይደለም፤ ብዙ ዓመት የኖርኩበት ስለሆነ ነው።

አሁን ወደ ትዳር እንምጣ። እዚህ ጋ ጥቂት መቆየት እፈልጋለሁ።

ኤፌሶን 5 ሲነሳ የሁሉም ጣት ቁጥር 22 ላይ ያርፋል፤ ሚስቶች ለባሎቻቸው ይገዙ የሚለው ላይ። ግን ቁጥር 21 ከዚያ በፊት ለሁሉም አማኞች አንዳቸው ለሌላው እንዲገዙ ይናገራል። በአንዳንድ ጥንታዊ የግሪክ የእጅ ጽሑፎች፣ ለምሳሌ በቫቲካን ኮዴክስ፣ ቁጥር 22 የራሱ ግስ እንኳ የለውም። «ተገዙ» የሚለውን ከቁጥር 21 ተውሶ ነው የሚቆመው። የሚስት መገዛት ከጋራ መገዛት ተቆርጦ ብቻውን ሊነበብ አይችልም ማለት ነው።

ከዚያ ቁጥር 25 ይመጣል። ባሎች ሚስቶቻቸውን ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንን እንደወደደ ይውደዱ ይላል። ክርስቶስ እንዴት ወደዳት? «ስለ እርስዋ ራሱን አሳልፎ ሰጠ።» በዚህ ክፍል ውስጥ እስከ ሞት ራስን አሳልፎ የመስጠት ምሳሌ ፊቱ የተቀመጠለት ሰው ባል ነው! ለሚስቶች ሦስት ቁጥር የጻፈው ጳውሎስ ለባሎች ሲጽፍ እስከ ምዕራፉ መጨረሻ ይሄዳል። ወንዱ የቤቱ ራስ ነው ብለው የሚያምኑ ክርስቲያኖች አሉ፤ መተጋገዝና መደማመጥ እኩል ነው የሚሉም አሉ። ክርክሩን እዚህ አልፈታውም። ግን በየትኛውም ወገን ብትቆሙ ቁጥር 25ን ማለፍ አይቻልም። ሴቷ ብቻ የምትቀልጥበት ትዳር በጳውሎስ ሥዕል ውስጥ ቦታ የለውም።

ዮሐንስ አፈወርቅ ይህን ምዕራፍ ሲተረጉም፣ ሚስት በባሏ ፊት እየተንቀጠቀጠች የምትኖር ከሆነ ይሄ ምን ዓይነት አንድነት ነው ብሎ ይጠይቃል። ይህን ያለው ከ1600 ዓመት በፊት ነው። ጴጥሮስም ሚስቱን የማያከብር ባል ጸሎቱ እንደሚከለከል ይናገራል፤ 1ኛ ጴጥሮስ 3፥7። እንግዲህ የሚስት ክብር የቤት ውስጥ ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ እግዚአብሔር ፊት ይደርሳል።

«ረዳት» የሚለውንም ቃል ልንካው። ዘፍጥረት 2፥18 ላይ ሔዋን «የምትመቸውን ረዳት» ተብላለች። ዛሬ «ረዳት» ሲባል ከዋናው ሰው ሥር ያለ ሰው ነው የሚታየን። በዕብራይስጡ ቃሉ «ኤዜር» ነው። በብሉይ ኪዳን ይሄ ቃል ብዙውን ጊዜ የሚነገረው ስለ እግዚአብሔር ነው። መዝሙረኛው በመዝሙር 121 ረድኤቴ ከእግዚአብሔር ዘንድ ነው ሲል ያው ቃል ነው። እግዚአብሔርን የበታች ያላደረገ ቃል ሴትን የበታች አያደርግም። ምሳሌ 31 ላይ ያለችው ልባም ሴትም ብትሆን፣ ሌሊት ተነሥታ ትሠራለች ብለን እናደንቃታለን እንጂ ጥሩ በፍታና ቀይ ግምጃ እንደምትለብስ አንናገርም። እርሻም አይታ ትገዛለች። ለቤተሰቧ ስትል ራሷን የረሳች ሴት አይደለችም።

ታዲያ መስዋዕትነት ቀረ ማለት ነው? በፍጹም። መስዋዕት የሌለበት ፍቅር አላየሁም። የታመመ ባሏን ለዓመታት ያስታመመች ሴት አውቃለሁ፤ ስለ እሷ ሳወራ ድምፄ ይቀየራል። እኔ የምለው፣ መስዋዕት ሰጪ ያስፈልገዋል ነው። የሌለ ሰው ምን ይሰጣል? ያልተሰጠ ነገር ደግሞ ከተወሰደ መስዋዕት አይባልም።

የቢታንያዋን ሴት አስቡ። ከ300 ዲናር በላይ የሚያወጣ ሽቱ ይዛ መጣች። አንድ ዲናር የቀን ሠራተኛ የአንድ ቀን ደመወዝ ነበር። የዓመት ልፋት ማለት ነው። ብልቃጡን ሰበረችው። ማንም አላዘዛትም፣ ማንም አልጠበቀባትም። በዙሪያዋ የነበሩት ወንዶች እንዲያውም ተቆጧት። ገንዘቡ ምን ላይ መዋል እንደነበረበት እነሱ ሊነግሯት ፈለጉ። ኢየሱስ ግን «ተዉአት፤ ስለ ምን ታደክሙአታላችሁ?» አለ። ወንጌል በሚሰበክበት ሁሉ ያደረገችው ነገር ለመታሰቢያዋ እንዲነገር አደረገ። የሴት መስዋዕት እንዲህ ሲሆን ውብ ነው። የራሷን ሽቱ፣ በራሷ እጅ፣ በራሷ ፈቃድ። ጌታም ስለ ገዛ ነፍሱ ሲናገር «እኔ በፈቃዴ አኖራታለሁ እንጂ ከእኔ ማንም አይወስዳትም» ብሏል፤ ዮሐንስ 10፥18።

ከዚህ ጋር ሣራን አስተያዩአት። አብርሃም ለነፍሱ ፈርቶ «እኅቴ ናት» አለ። ሣራ ወደ ፈርዖን ቤት ተወሰደች። በኋላም በአቢሜሌክ ጊዜ ነገሩ ተደገመ። እግዚአብሔር «ለባሏ ስትል ራሷን ሰጠች» ብሎ አመሰገናት? አላመሰገናትም። ሁለቱንም ጊዜ ራሱ ጣልቃ ገብቶ አወጣት። ባሏ ሲሸሸግባት እግዚአብሔር ዝም አላለም። ይህን ታሪክ ሳነብ ሁልጊዜ ልቤ ይሞላል።

አሁን ከባዱን ነገር ልበል። «መስቀልሽ ነው፣ ተሸከሚው» የሚባል ነገር አለ። ለምትደበደብ ሴት ሲባል ሰምቻለሁ። ይሄ ስህተት ነው፤ ለስለስ አድርጌ ልናገረው አልችልም። መስቀል ክርስቶስን በመከተል የሚመጣ ዋጋ ነው። የባል ቡጢ ክርስቶስን ከመከተል አይመጣም፤ ከባሏ ኃጢአት ነው የሚመጣው። ኢየሱስ ራሱ ናዝሬት ላይ ከገደል ሊጥሉት ሲወስዱት በመካከላቸው አልፎ ሄዷል። ጳውሎስ ከደማስቆ በቅርጫት ወርዶ አምልጧል። ሊገርፉት ሲያስሩት ደግሞ ሮማዊ ነኝ ብሎ መብቱን ጠይቋል። ማንም የእምነት ጉድለት ነው አላላቸውም። የምትመታ እህት ወጥታ ደህና ቦታ ብትጠለል፣ ለምታምነው ሰው ብትናገር፣ ሕግ ጋ ብትሄድ መስቀሏን አልጣለችም። ዝምታዋ እሱንም አይጠቅመውም፤ በኃጢአቱ እንዲደነድን ነው የሚረዳው። ፍቅር ደግሞ የሌላውን መልካም ይፈልጋል።

አቢግያ ይህ ገብቷት ነበር። ባሏ ናባል ዳዊትን ሰድቦ ቤቱን ሁሉ ለሞት ዳርጎት ነበር። እሷ ለባሏ ሳትነግር ስንቅ አስጭና ወጣች። ዳዊትን በመንገድ አገኘችው፣ ለመነችው፣ ደም ሳይፈስ መለሰችው። 1ኛ ሳሙኤል 25 ላይ ዳዊት አእምሮዋን ባርኮ ሲሸኛት እናያለን። ባሏ ጥፋት ሲያመጣ እሺ ብላ አብራ አልጠፋችም። እምቢ በማለቷ ቤቱ ከዳዊት ሰይፍ ተረፈ፣ ናባልም ጭምር።

እ.ኤ.አ. በ1960 ቫለሪ ሴቪንግ የተባለች አሜሪካዊት የሥነ መለኮት ምሁር አንድ ጥያቄ አንሥታ ነበር። የኃጢአት ሁሉ ሥር ትዕቢት ነው ብለው ያስተማሩት በአብዛኛው ወንዶች ናቸው አለች። የብዙ ሴቶች ፈተና ግን ሌላ ነው፤ የራስ የሚባል ነገር እስኪጠፋ በሌሎች ውስጥ መሟሟት ነው። ሁሉን ነገሯን አልቀበልም። ትዕቢተኛ ሴትም አለች፣ እኔም የትዕቢት ቀን አለኝ። ግን አንድ ነገር አሳይታኛለች። መድኃኒቱን ለማዘዝ በሽታውን ማወቅ ያስፈልጋል። ራሷን ላጣች ሴት «ራስሽን ናቂ» ብሎ መስበክ የተራበን ሰው ጹም እንደማለት ነው።

ያላገባችስ? ዋጋዋ ባል እስኪመጣ በእንጥልጥል የሚቆይ አይደለም። ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 7 ሳያገቡ መኖርን መልካም ብሎታል። በዚያ ዘመን የሮማው ቄሣር የአውግስጦስ ሕግ ያላገቡትን ይቀጣ ነበር፤ ስለዚህ የጳውሎስ ቃል ቀላል ነገር አልነበረም። አንዲት ሴት ከሕዝቡ መካከል የኢየሱስን እናት በማኅፀኗና በጡቷ ብፅዕት ስትል ጌታ መልሶ ብፁዓን የእግዚአብሔርን ቃል ሰምተው የሚጠብቁት ናቸው አላት። ሰው በእግዚአብሔር መልክ ተፈጠረ ሲባል፣ ዘፍጥረት 1፥27 «ወንድና ሴት አድርጎ» ይላል። ይህ የተጻፈው ከጋብቻ በፊት፣ ከልጅ በፊት፣ ከማንኛውም ሥራ በፊት ነው።

ከዚያ ቀን ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው መሰለኝ፣ ያቺ ጓደኛዬ ተራዋ ሲደርስ ዚፑን አልነካችውም። «ሌሊት አልተኛም» አለች። «ልጁ ከተወለደ ጀምሮ ደህና ተኝቼ አላውቅም። ለእንቅልፌ ጸልዩልኝ። ለባሌም ዛሬ ማታ እነግረዋለሁ።» ሁላችንም እጃችንን ጫንባት።