መሪው አልታዘዝ ሲል፦ የሄሊኮፕተር መቆጣጠሪያ ብልሽት በልምምድ በረራ ላይ

ትንሽ አውሮፕላን መሪውን ለቀቅ ቢያደርጉላትም ለጥቂት ጊዜ ቀጥ ብላ ትሄዳለች። ትንሽ የማሰልጠኛ ሄሊኮፕተር ግን እንዲህ ያለ ትዕግስት የላትም። ግራ እጅ ኮሌክቲቭ የሚባለውን ዘንግ ይይዛል፣ ከፍ ሲል ትወጣለች፣ ዝቅ ሲል ትወርዳለች። ቀኝ እጅ ሳይክሊኩን ይዞ ወዴት እንደምታዘነብል ይነግራታል። እግር ደግሞ ፔዳል ላይ ሆኖ አፍንጫዋን ያዞራል። ሦስቱም ባንድ ጊዜ ነው የሚሠሩት፤ አንዱን ስትነካ ሌሎቹን ማስተካከል አለብህ። ጀማሪ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ላብ በላብ የሚሆነውም ለዚህ ነው።

ከእጅ እስከ ሮተር፣ ማለትም ከላይ እስከሚሽከረከሩት ክንፎች፣ ያለው መንገድ ቀላል ይመስላል። ዘንግ ዘንግን ይገፋል፣ መጨረሻው ስዋሽፕሌት የሚባሉ ሁለት የተነባበሩ ሳህኖች ላይ ነው። ታችኛው አይዞርም፣ ላይኛው ከሮተሩ ጋር ይዞራል። ከላይኛው ሳህን የሚነሱ ቀጫጭን ዘንጎች የሮተሩን ክንፎች ያዘነብሏቸዋል። በትናንሾቹ ሄሊኮፕተሮች ላይ ይህ መንገድ ተጠባባቂ የለውም። አንዷ ቡሎን ዳዶዋ ላልቶ ከወደቀች እጅህ የያዘው ዘንግ ከምንም ጋር አልተገናኘም ማለት ነው።

«መሪው እምቢ አለ» ሲባል ግን ሁሌ ብረት ተሰብሯል ማለት አይደለም። አንዳንዴ ሁሉም ዘንግ ደህና ሆኖ ሮተሩ ራሱ መታዘዝ ያቆማል። እኔን የሚያስፈራኝ ይሄኛው ነው፤ ከአደጋው በኋላ ስብርባሪው ሲመረመር ቀድሞ የተበላሸ ነገር አይገኝማ።

ሮቢንሰን አር22ን እንይ። እ.ኤ.አ. በ1975 ለመጀመሪያ ጊዜ በረረች፣ በ1979 ፈቃድ አገኘች። ሁለት ሰው ብቻ ትይዛለች፤ ከነተሳፋሪዋና ከነነዳጇ ከ622 ኪሎ መብለጥ የለባትም። ርካሽ ስለሆነች የበረራ ትምህርት ቤቶች ወደዷት። ሮተሯ ሁለት ክንፍ ብቻ ነው ያለው፣ ክብደቱም ቀላል ነው። ኃይል ከጠፋ ፍጥነቱ ቶሎ ይወድቃል፤ አብራሪው ኮሌክቲቩን ለማውረድ ያለው ጊዜ ከአንድ ሰከንድ ብዙ አይበልጥም።

ሌላም ችግር አለ። ሰልጣኙ ሳይክሊኩን በድንገት ወደፊት ከገፋ ሄሊኮፕተሯ ለአፍታ ክብደት አልባ ትሆናለች፣ መኪና ጉብታ ላይ ስትዘል ሆድህ ባዶ እንደሚለው። ያኔ ሮተሩ የሚሸከመው ነገር የለም። ጅራቷ ላይ ያለው፣ በፔዳሉ የሚታዘዘው ትንሽ ሮተር ግን መግፋቱን አላቆመም፣ ስለዚህ ገላዋ ወደ ቀኝ መጋደል ይጀምራል። ሰው ሲጋደል ምን ያደርጋል? ወደ ግራ ይመልሳል። እዚህ ጋ ያ ትልቅ ስህተት ነው። ሮተሩ ወደ ግራ ያዘነብላል፣ ገላዋ አይከተለውም፣ የሮተሩ መሃል የተሸከመውን ዘንግ ይመታል፣ ክንፉም ጅራቷን ሊቆርጥ ይችላል። ትክክለኛው መፍትሔ ሳይክሊኩን ቀስ ብሎ ወደ ኋላ መሳብ፣ ሮተሩ እንደገና ክብደት ሲሸከም ደግሞ መጋደሉን ማቃናት ነው።

እ.ኤ.አ. በሰኔ 1992 ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ሪችመንድ አካባቢ አንዲት አር22 በልምምድ ላይ እያለች አየር ላይ ተበታትና አስተማሪውም ተማሪውም ሞቱ። ውስጧ ትንሽ የድምፅ መቅጃ ነበረች። የተቀዳው ተራ ትምህርት ነው፤ ችግር መጣ የሚል ነገር ሳይሰማ በድንገት ይቋረጣል። የአሜሪካ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ በ1996 ባወጣው ጥናት እንዲህ ላሉ አደጋዎች ትልቅና ድንገተኛ የመሪ እንቅስቃሴን ዋና ተጠርጣሪ አደረገ። ከዚያ በፊት በ1995 የአሜሪካ አቪዬሽን ባለሥልጣን ልዩ ደንብ አውጥቶ ነበር፦ ሰልጣኙ መሪ ከመንካቱ በፊት ስለነዚህ አደጋዎች ይማር፣ ብቻውን ከመብረሩ በፊት ደግሞ ከአስተማሪ ጋር ቢያንስ 20 ሰዓት በአር22 ይብረር። ያንን ክብደት አልባ ሁኔታ አየር ላይ ሆን ብሎ መፍጠርም ተከለከለ። ልክ ነበሩ፤ አንዳንዱ ነገር ጥቁር ሰሌዳ ላይ ቢቀር ይሻላል።

ሃይድሮሊክ፣ ማለትም በዘይት ግፊት መሪውን የሚያግዝ ሥርዓት፣ ያላቸው ሄሊኮፕተሮች ሌላ ጣጣ አለባቸው። አብዛኞቹ አር44ዎችና ኤኤስ350 የሚባሉት ሄሊኮፕተሮች የመሪ ኃይላቸውን ከሃይድሮሊክ ነው የሚያገኙት። እሱ ሲጠፋ መሪው ፓወሩ እንደሞተ መኪና ይከብዳል። አስተማሪው በልምምድ ላይ ማብሪያ ማጥፊያውን ነካ አድርጎ ያጠፋዋል፣ ሰልጣኙ እንዲለምደው። ፍጥነት ይዘው እየበረሩ ከሆነ ከባድ ነው እንጂ ይቻላል። በቀስታ ለመብረር ወይም ባንድ ቦታ ተንሳፍፈው ለመቆም ከሞከሩ ግን እጅ ይሸነፋል፤ የኤኤስ350 መመሪያም ይህን እንዳትሞክሩ ይላል። ብልሽትን ለመለማመድ ተብሎ የተነሳ በረራ ራሱ አደጋ የሚሆነው እንዲህ ነው።

የጅራት ሮተሩ ሲያምፅስ? ፔዳሉ ተቀርቅሮ ከቀረ ፍጥነት ይዞ ሜዳ ላይ እየተንሸራተቱ ማረፍ ይቻላል፣ ሰልጣኞችም ይህን ይለማመዱታል። ሁሉም ግን በልምምድ አይፈታም። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2018 እንግሊዝ ውስጥ ከእግር ኳስ ክለቡ ሌስተር ሲቲ ስታዲየም የተነሳችው ኤደብልዩ169 ሄሊኮፕተር የጅራት ኩሽኔታዋ ተጣብቆ ፔዳሉ ከጅራት ሮተሩ ጋር ያለው ግንኙነት ተቋረጠ። እየተሽከረከረች ወደቀች፣ የክለቡን ባለቤት ጨምሮ አምስት ሰው ሞተ። ያ የልምምድ በረራ አልነበረም፤ አብራሪው ልምድ ያለው ሰው ነበር፣ መርማሪዎቹም አደጋውን ሊያስቀር አይችልም ነበር ብለዋል።

ለዚህ ነው ትምህርት ቤቶች ገና መሬት ላይ ጥንቃቄ የሚያበዙት። መሪ ሲቀባበሉ «ያዝኩት»፣ «ያዝከው»፣ «ያዝኩት» ይባባላሉ፤ ሁለቱም ሌላው ይዟል ብለው እንዳይተዉት። ስልክና የውሃ ጠርሙስ ፔዳል ሥር እንዳይገቡ ይታያል። ከመነሳት በፊት መሪው እስከ ጥግ ይንቀሳቀሳል፣ የሚነካው ነገር ካለ ያኔ ይሰማል። ከዚያ ሰልጣኙ ባትሪ ይዞ ዘንጎቹ ጋ ይጎነበሳል። ዳዶና ቡሎኑ ላይ መካኒኩ የቀባት ቀጭን የቀለም መስመር አለች። መስመሯ ቀጥ ካለች ዳዶው አልተነቃነቀም። ከተሰበረች በረራው ይቀራል።