የዘይት ግፊት በአሮጌ ሚኒባስ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ዶልፊን የምንላት አሮጌዋ ቶዮታ ሃይስ ሞተሯ ከጋቢናው ወንበር ስር ነው ያለው፣ ሹፌሩ ቀኑን ሙሉ ሞተሩ ላይ ተቀምጦ ነው የሚውለው ማለት ይቻላል፣ ግን የዛ ሞተር የዘይት ግፊት ስንት ነው ብላችሁ ብትጠይቁት አብዛኛው መልስ የለውም። ጥፋቱ የሹፌሩ አይደለም። ዳሽቦርዱ ላይ የሙቀት ጌጅ አለ፣ የነዳጅ ጌጅ አለ፣ ለዘይት ግን ብዙዎቹ ላይ ያለችው ያቺ ጀበና የምትመስለው ቀይ መብራት ብቻ ናት። እኔ አሁን የምይዘው 5ኤል የሚባለው የናፍጣ ሞተር ሞዴል ያለውን ነው፣ ከሱ በፊት የነበረኝን 3ኤል ሞተር ግን በዘይት ግፊት ምክንያት አጥቼዋለሁ፣ ለዛ ነው ይሄ ነገር ሲነሳ ዝም ማለት የማልችለው። ተራ ላይም ጋራዥም የምሰማቸውን ነገሮች አንድ በአንድ ልንካቸው።

«ጀበናዋ ካልበራች ሞተሩ ደህና ነው»

የብዙ ሞተር ገዳይ ይሄ ነው። መብራቷ መለኪያ አይደለችም። ሞተሩ ላይ የተጠመደ ትንሽ ስዊች አለ፣ ግፊት ሲኖር ይለያያል፣ ግፊት ሲጠፋ ደሞ ሽቦውን ከሞተሩ ብረት ጋር ያገናኘዋል፣ ያኔ መብራቷ ትበራለች፣ በቃ ስራው ይሄው ነው። ስዊቹ የሚነቃው ደግሞ ግፊቱ በጣም ሲወርድ ነው፣ በብዙ መኪኖች ከ4 እስከ 7 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው፣ ከዚህ በኋላ የምጠራቸው የግፊት ቁጥሮች ሁሉ በሱ ናቸው) አካባቢ። እንግዲህ አስቡት፣ አውራ ጎዳና ላይ በ80 እየሄዳችሁ 45 መሆን የነበረበት ግፊት ወርዶ 15 ቢገባ መብራቷ ምንም አትላችሁም፣ ብሮንዚኑ ግን እየተበላ ነው፣ ብሮንዚን ማለት ኮሎው፣ ፒስተኖቹ የሚያዞሩት የሞተሩ ዋና ዘንግ፣ የሚዞርበት ስስ ብረት ነው። በብሮንዚን እና በኮሎ መሃል ያለው ክፍተት በመቶኛ ሚሊሜትር የሚቆጠር ነው፣ ሁለቱን ብረቶች የሚያለያያቸው እዛ ውስጥ በግፊት የሚገባው ስስ የዘይት ሽፋን ብቻ ነው፣ ሽፋኑ ከሳሳ ብረት በብረት ነው።

ሌላው ደግሞ መብራቷ ራሷ ልትዋሽ ትችላለች። የኔዋን 3ኤል ስገዛት ቁልፍ ስከፍት ጀበናዋ ጭራሽ አትበራም ነበር፣ እኔም ጤነኛ ናት ብዬ ደስ አለኝ። ለካ ከስዊቹ ላይ ሽቦው ተነቅሎ በናስትሮ ተጠቅልሎ ወደ ጎን ታስሯል። ማን እንዳደረገው እስከዛሬ አላውቅም። ከደብረ ብርሃን ስመለስ ከወንበሬ ስር ቋ ቋ ቋ ማለት ጀመረ፣ አቁሜ ሳስከፍተው የአንዱ ፒስተን ብሮንዚን ተልጦ ኮሎውን ቆርጦት ነበር።

ስለዚህ ዛሬውኑ ይህቺን አድርጉ፣ ሞተሩን ሳታስነሱ ቁልፉን ብቻ ክፈቱ። ጀበናዋ መብራት አለባት። ካልበራች ሞተሩ እንደጠፋ፣ ቁልፉም እንደተከፈተ ሽቦውን ከስዊቹ ንቀሉና ጫፉን ሞተሩ ብረት ላይ አስነኩት፣ ከበራች የሞተው ስዊቹ ነው፣ ካልበራች ደግሞ አምፖሉ ወይ ፊውዙ ወይ ሽቦው ነው። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፣ አሮጌ መኪና ልትገዙ ስትሄዱም ከምንም በፊት ይሄንን እዩ።

«መብራቱ ከበራ ዘይት ጎሎ ነው፣ ጨምሬ እሄዳለሁ»

መጠን እና ግፊት ይለያያሉ። በርግጥ ዘይት በጣም ሲጎድል ግፊትም ይጠፋል፣ በተለይ ዳገት ላይ ወይ ጠምዘዝ ስትሉ ወይ ፍሬን ስትይዙ ብልጭ ካለች ዘይቱ ወደ አንድ ጎን ሸሽቶ መምጠጫው አየር እየሳበ ነው ማለት ነው፣ መጀመሪያ ዲፕስቲኩን፣ የዘይት መጠን መለኪያ ዘንጉን፣ እዩ። ግን ዘይቱ ሙሉ ሆኖም ግፊት ዜሮ ሊሆን ይችላል። የፖምፓው መምጠጫ ወንፊት በጭቃ ዘይት ሊደፈን ይችላል፣ የግፊት ማስተንፈሻው ቫልቭ ተከፍቶ ሊቀር ይችላል፣ ብሮንዚኑ አልቆ ዘይቱ ሳይጨናነቅ እየፈሰሰ ሊሆን ይችላል።

ሙሉ ነው ብሎ መንዳት ግን በፍጹም። ጀበናዋ ሞተሩ እየሰራ በርታ ከቀረች ዳር ይዛችሁ አጥፉ፣ «ቀስ ብዬ ጋራዥ ላድርሳት» የሚባል ነገር የለም፣ በቀስታም ቢሆን ያለ ዘይት ግፊት የሚዞር ኮሎ የሚቆየው ትንሽ ነው። የመጎተቻ ገንዘብ ከሞተር ማሳደሻ ጋር አይወዳደርም። ጠዋት ስታስነሱ ለሁለት ሶስት ሰከንድ በርታ ብትጠፋ ግን አትደንግጡ፣ ዘይቱ ከፊልትሮው ወደ ታች ወርዶ እስኪሞላ ነው፣ ከዛ በላይ ከቆየች ፊልትሮው ዘይት እንዳይመለስ የሚይዝ ጎማ የሌለው ርካሽ ሊሆን ይችላል፣ እሱን ቀይሩት።

«ወፍራም ዘይት ሳስገባለት ተሻለው»

እዚህ ጋ ቆም እንበል ምክንያቱም ብዙ ሰው በዚህ ነው የሚታለለው፣ መኪና ሻጮችም ያውቁታል። ፖምፓው ግፊት አይሰራም፣ ፖምፓው የሚሰራው ዘይት መግፋት ነው፣ ግፊቱ የሚመጣው ዘይቱ በጠባቡ መንገድ ለማለፍ ሲቸገር ነው። የቧንቧ ጎማ ጫፉን በጣታችሁ ስትይዙት ውሃው ርቆ እንደሚረጨው ማለት ነው። ብሮንዚኑ ሲያልቅ መንገዱ ሰፋ፣ ዘይቱ ሳይቸገር አለፈ፣ ግፊቱ ወረደ። አሁን በ15ደብሊው40 ምትክ 20ደብሊው50 ብታስገቡ ወይ ያንን እንደ ማር የሚዝረበረብ ማወፈሪያ ብትጨምሩበት ቁጥሩ ከፍ ይላል፣ ድምፁም ይቀንሳል፣ ያለቀው ብሮንዚን ግን ያው እንዳለቀ ነው። እንደውም የታህሳስ ጠዋት አዲስ አበባ ላይ ያ ወፍራም ዘይት ላይኛው የሞተር ክፍል ድረስ ለመድረስ ጊዜ ይፈጅበታል፣ እስከዛ ካምሻፍቱ፣ ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ፣ በቂ ዘይት ሳያገኝ ነው የሚዞረው።

የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ለምትሰሩበት ሙቀት ከፈቀደው ወፍራም ዘይት መጠቀም ስህተት አይደለም፣ ለምሳሌ ከአዲስ አበባ ወርዶ አዋሽ እና አፋር የሚመላለስ መኪና ሙቀቱ ዘይቱን ያቀጥንበታል። በሽታ ለመደበቅ መጠቀም ነው ስህተቱ። መኪና ስትገዙም ሞተሩ በደንብ ከሞቀ በኋላ ካልሆነ ግፊቱን አትመኑ።

«ጌጁ ከፍ ባለ ቁጥር ጥሩ፣ ዝቅ ካለ ሞተሩ ሄዷል»

ሁለቱም ልክ አይደለም። ቀዝቃዛ ሞተር ላይ ከፍ ይላል፣ ሲሞቅ ይወርዳል፣ ሚኒሞ ላይ፣ ማለትም ነዳጅ ሳትረግጡ ሞተሩ በራሱ ሲዞር፣ ደግሞ ፖምፓው ቀስ ብሎ ስለሚዞር የበለጠ ይወርዳል። ቶዮታ ለብዙ የዛ ዘመን ሞተሮቹ የሰጠው ልክ በሞቀ ሞተር ሚኒሞ ላይ ቢያንስ 4.3 ፒኤስአይ፣ 3000 ዙር ላይ ከ36 እስከ 85 ነው። አያችሁ ሚኒሞ ላይ ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ? «በየ1000 ዙሩ 10 ፒኤስአይ» የምትባለዋ ደግሞ የአሜሪካ ሞተሮች ልማድ ናት እንጂ የቶዮታ ልክ አይደለችም። በሷ ሂሳብ ጤነኛ ሞተር አስፈትተው ብዙ ብር የከፈሉ ሰዎች አውቃለሁ። ከልኩ በላይ ተንጠልጥሎ የሚቀር ግፊት ደሞ ሞተሩ ሞቆ እንኳን ካልወረደ ማስተንፈሻው ቫልቭ እንደተዘጋ ተጣብቆ ሊሆን ይችላል፣ ፊልትሮ እስከማፈንዳት ይደርሳል።

«ተወው ሴንሰር ነው»

ሊሆን ይችላል። ግን ሳይለካ የተባለ ነገር ግምት ነው፣ ፖምፓ ቀይር የሚላችሁም ሳይለካ ከሆነ ያው ነው። ስዊቹን ፈትቶ በቦታው በእጅ የሚያዝ ሜካኒካል ጌጅ አስሮ ማየት ነው፣ አስር ደቂቃ።

ቋሚ ጌጅ የምታስገቡ ከሆነ ሁለት ነገር ተጠንቀቁ። የጃፓን መኪና የስዊች ጥርስ በአንድ ኢንች 28 ነው፣ የአሜሪካው 27፣ ስለዚህ የአሜሪካ ጥርስ ያለው ሴንሰር ትንሽ ገብቶ ይነክሳል፣ በግድ ሲጠበቅ ሞተሩ ላይ ያለውን ቀዳዳ ይሰነጥቀዋል ወይ ዘይት ያፈሳል። ሁለተኛ ከባዱን ሴንሰር ሞተሩ ላይ በነሐስ ቲ (ባለ ሶስት አፍ መገጣጠሚያ) አንጠልጥላችሁ አትተዉት፣ የናፍጣ ሞተር ንዝረት አንገቱን ይቆርጠውና ዘይቱ በሙሉ መንገድ ላይ ይፈሳል። በጎማ ቱቦ አውጥታችሁ ሻንሲ ላይ እሰሩት፣ ግራውንድ ሽቦም አትርሱለት። የድሮዋን ጀበናም አትንቀሉ፣ ሁለቱም አብረው ይስሩ።

«ዘይቱ ጠቁሯል፣ ግፊቱ ወርዷል» ፦ ናፍጣ ሞተር ላይ ዘይት በተቀየረ በጥቂት ቀን ይጠቁራል፣ ጥላሸቱን ስለያዘ ነው። ከቀለም ግፊት አይታወቅም።

«ትንሽ ከፍ አድርገህ ሙላው»

ከላይኛው ምልክት በላይ ከሞላችሁ ኮሎው ሲዞር ዘይቱን እየመታ አረፋ ያደርገዋል፣ አረፋ ደግሞ ብረት አይሸከምም፣ ጌጁም መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ከሁሉም የሚያሳስበኝ ግን ማንም ሳይጨምርበት ከፍ ያለ ዘይት ነው። ዲፕስቲኩን አሽትቱት፣ ናፍጣ ናፍጣ ካለ ከኢንጀክተር ነዳጅ እየገባ ዘይቱን እያቀጠነ ነው፣ ወተት በቡና ከመሰለ የራዲያተር ውሃ ነው። በሁለቱም ጊዜ ሞተሩን አታስነሱ።

እኔ በየቅዳሜው መኪናዋ በደንብ ከሞቀች በኋላ ሁለት ቁጥር እጽፋለሁ፣ አንዱ ሚኒሞ ላይ፣ ሌላው ሶስተኛ ማርሽ በ40፣ ምክንያቱም የኔዋ የዙር መለኪያ የላትም። ባለፈው ቅዳሜ 14 እና 43 ነበር። ከስድስት ወር በፊት 15 እና 44።