ካሊበር ምንድን ነው? «7.62» ብቻውን የማይነግረን ነገር

ጅማ ላይ ቡና ይዞ ስለ ጠመንጃ የሚያወራ ሰው አይጠፋም። አንዱ መጋዘን ይጠብቃል። አንዱ ድሮ ወታደር ነበር። ሌላው ገጠር ያለ በቆሎውን አሳማና ዝንጀሮ እየፈጀበት ተቸግሯል። ክርክሩ ሲጦፍ አንዱ «ሰባት ስድሳ ሁለት ነው እኮ!» ይላል። ጨዋታው እዚያ ላይ ያበቃል፤ ቁጥር ተጠርቷላ። ቁጥሩ ግን ብቻውን ያን ያህል አያስፈራም።

ካሊበር የጠመንጃው ቱቦ የውስጥ ስፋት ነው። ቱቦው ውስጥ ጠመዝማዛ ቦዮች ተቀርጸዋል። ከቦዮቹ መካከል ከፍ ብለው የቀሩት ጠርዞች አሉ። ከአንዱ ጠርዝ እስከ ትይዩው ድረስ ሲለካ 7.62 ሚሊ ሜትር ይመጣል። አረሩ (ከጥይቱ ተለይቶ የሚበረው ጫፍ) ራሱ ከዚህ ትንሽ ይወፍራል። የክላሽ አረር 7.9 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ወፈር ስለሚል ቦዩን ነክሶ፣ እየተሽከረከረ ይወጣል። ሳይሽከረከር ቢወጣ አየር ላይ ይገለባበጥና ኢላማውን ይስታል። አሜሪካኖች ደግሞ በኢንች ይጠራሉ። «ነጥብ 308» ሲሉ የአረሩ ውፍረት የአንድ ኢንች 308 ሺኛ ነው ማለታቸው ነው።

እንግዲህ ስፋቱን አወቅን። ጉልበቱስ? እሱን ለማወቅ ሁለተኛው ቁጥር ያስፈልጋል፤ የቀለሃው ርዝመት። ባሩዱ ያለው እዚያ ውስጥ ነው።

«7.62 በ39» የሶቪየቶች የ1943 እ.ኤ.አ. ሥራ ነው። ክላሽም ሲሞኖፍም የሚጎርሱት እሱን ነው። «7.62 በ51» ኔቶ በ1954 እ.ኤ.አ. የተቀበለው ነው፤ ኤም 14 እና ጂ 3 የሚባሉት ጠመንጃዎች ይተኩሱታል። «7.62 በ54» ደግሞ ከሁሉም ሽማግሌ ነው። በ1891 እ.ኤ.አ. ከሩሲያው የሞሲን ጠመንጃ ጋር ተወለደ። ዛሬም ድራጉኖቭ የሚባለው የአልሞ ተኳሽ ጠመንጃና ፒኬኤም መትረየስ ላይ ይሠራል። ሦስቱም ሰባት ስድሳ ሁለት ናቸው። የክላሹ ግን ከአፈሙዝ ሲወጣ ወደ 2,000 ጁል ጉልበት ይዞ ሲሆን፣ ሁለቱ ከ3,000 ጁል ያልፋሉ። አንዱን በሌላው ጠመንጃ መተኮስም አይቻልም።

ፍጥነት የሚባል ነገር ደግሞ አለ። የአረር ጉልበት በክብደቱ ልክ ይጨምራል፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግን ጉልበቱ አራት እጥፍ ይሆናል። የጠመንጃ ታሪክ ራሱ የዚህ ስሌት ታሪክ ነው ማለት ይቻላል። በዐድዋ ዘመን አያቶቻችን ይዘውት የነበረው ውጅግራ የሚባለው ጠመንጃ 11 ሚሊ ሜትር ነበር። አረሩ 25 ግራም ይመዝናል። ፍጥነቱ ግን በሰከንድ 450 ሜትር ገደማ ነው፤ ጭሱም ተኳሹን ያጋልጣል። ፈረንሳዮች በ1886 እ.ኤ.አ. ጭስ አልባ ባሩድ ይዘው ሲመጡ ነገሩ ተገለበጠ። አረር እየቀጠነ፣ እየፈጠነ መጣ። የዛሬው 5.56 አረር ከ3.6 እስከ 4 ግራም ገደማ ብቻ ነው። በሰከንድ ግን 990 ሜትር ድረስ ይበራል።

አሜሪካ ያለ የአጎቴ ልጅ ሰሞኑን ደውሎ «ለመዝናኛም ለቤትም የሚሆን አንድ ጥይት ምረጥልኝ» አለኝ። እዚያ የተለያየ ጥይት ከሱቅ ይገዛል፤ ምርጫው ነው የሚያደናግረው። እኔን መጠየቁ ትንሽ ቢያስቀኝም፣ ጥያቄው ደህና ጥያቄ ነው። መልሴ ግን አልጣመውም። አንድ ጥይት ለሁለቱም አይሆንም።

ለመዝናኛ ከሆነ «ነጥብ 22» ይበቃዋል። ከ1887 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለች ትንሽ ጥይት ናት። ጉልበቷ 140 ጁል ገደማ ነው። ትከሻ አትደቁስም። ዋጋዋም ከሌሎቹ በጣም ያነሰ ነው። በኦሊምፒክ የ50 ሜትር ውድድር የሚተኮሰውም በእሷ ነው። ኢላማ መምታት በድግግሞሽ የሚመጣ ችሎታ ነውና ብዙ መተኮስ የሚያስችል ጥይት ይሻላል። አንዳንዱ ግን ትንሽ ናት ብሎ ይንቃታል። ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ትሄዳለች። ድንጋይና ውኃ ላይ ስትመታ ደግሞ ነጥራ የት እንደምትገባ አይታወቅም። ትገድላለችም።

ለቤት ሲሆን ነገሩ ይከብዳል። ሰው ሁሉ የሚጠይቀው «ሌባውን ይጥለዋል ወይ?» ብሎ ነው። የትኛውም የጠመንጃ ጥይት ሊጥል ይችላል። ዋናው ጥያቄ አረሩ ከዚያ በኋላ የት ይቆማል የሚለው ነው። ስቶ ካለፈስ?

አሜሪካ ውስጥ ብዙ ቤት ከውስጥ የሚከፈለው በጂፕሰም ሰሌዳ ነው። እዚያ ለቤት ብለው «ነጥብ 223» (የ5.56 የሲቪል ወንድም) የሚመርጡ ብዙ ናቸው። ቀላልና ፈጣን ስለሆነ፣ አፉ ክፍት ሆኖ የተሠራው ዓይነት ግድግዳ ሲመታ ሊሰባበር ይችላል፤ ከከባዱ ጥይትም ቶሎ ጉልበቱን ይጥላል። ለወታደር የሚሠራው አረር ግን ሙሉ በሙሉ ብረት የለበሰ ነው። በ1899 እ.ኤ.አ. የተፈረመው የሄግ መግለጫ፣ ሰውነት ውስጥ ገብቶ በቀላሉ የሚሰፋ ወይም የሚዘረጋ አረር በጦርነት ላይ እንዳይተኮስ ከልክሏል። ስለዚህ የወታደር ጥይት በስቶ ያልፋል። የድሮው የክላሽ ጥይት አረሩ መሐል ላይ የብረት ፍሬ ጭምር አለው።

አሁን ያንን ጥይት ጅማ አምጡት። ግድግዳችን እንጨትና ጭቃ ነው። አጥሩ ቆርቆሮ ነው። ብሎኬት የሠራም ቢሆን ብሎኬቱ ውስጡ ባዶ ነው። ከግቢ የተተኮሰ የክላሽ ጥይት ጭቃውን አልፎ፣ ልጆች የተኙበትን ክፍል አልፎ፣ ጎረቤት ይገባል። ጎረቤት ደግሞ ሩቅ አይደለም፤ ቡና ጠጡ ብለን ከግቢያችን ድምፅ ስናሰማ የሚሰማን ነው። ቤት ውስጥ መተኮሱ ጆሮንም ይጎዳል። የክላሽ ድምፅ ከ150 ዴሲቤል ይበልጣል። ጆሮ ያለ መሸፈኛ አንዴ ከሰማው እድሜ ልክ የሚቀር ጉዳት ሊደርስበት ይችላል።

በእኔ እምነት በከተማ ቤት ጠመንጃ የመጨረሻው ነገር ነው። ጠንካራ በር፣ የግቢ መብራት፣ ውሻ፣ የጎረቤት ስልክ ይቀድማሉ። በሕግም ቢሆን መሣሪያ የሚያዘው በፈቃድ ነው፤ የ2012ቱ አዋጅ ቁጥር 1177 የሚገዛው ይህንኑ ነው። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 78 ሕጋዊ መከላከልን ይፈቅዳል። አንቀጽ 79 ደግሞ ከመጠን ያለፈውን ይመለከታል። ግቢ ዘሎ የሸሸን ሰው ከኋላ መተኮስ መከላከል ነው ብሎ ዳኛ ፊት መቆም ከባድ ነው።

ፈቃድ ኖሮት ጠመንጃ የያዘ ሰው ካሊበር ሲባል ሊያስብበት የሚገባው ሌላም ነገር አለ። ጥይትና ጠመንጃ መግጠም አለባቸው። «ገባ» ማለት «ገጠመ» ማለት አይደለም። አሜሪካ ውስጥ «ነጥብ 300 ብላክአውት» የሚባል ጥይት አለ። ቀለሃው ከ5.56 ቀለሃ ተቆርጦ የወጣ ስለሆነ 5.56 ጠመንጃ ውስጥ ሊገባ ይችላል። አረሩ ግን 7.8 ሚሊ ሜትር ነው። በ5.56 ቱቦ ልውጣ ሲል ጠመንጃው ተኳሹ ፊት ላይ ሊፈነዳ ይችላል። ለአጎቴ ልጅ አጥብቄ የነገርኩት ይህንን ነው፤ የሁለቱን የጥይት ካርታ (ጥይቱ ተሞልቶ ጠመንጃው ላይ የሚገጠመውን) አንድ ቦታ አታስቀምጥ አልኩት።

መለያው የቀለሃው ቂጥ ላይ ነው። ለገበያ የሚሠሩት አብዛኛውን ጊዜ ካሊበራቸው እዚያ ተጽፎባቸዋል። የድሮ የሶቪየት ወታደራዊ ጥይት ግን የፋብሪካውን ቁጥርና ዓመቱን ብቻ ነው የያዘው፤ ስለዚህ ከጽሑፉ አንብቦ ማወቅ አይቻልም። ከማሸጊያው ተለይቶ በፌስታል የመጣ ጥይት ካጋጠመ ለሚያውቅ ባለሙያ ማሳየት ነው። የእነዚህ የድሮዎቹ መለኮሻ ደግሞ ሲተኮስ ጨው ይተዋል። ጨው እርጥበት ይስባል፤ የጅማ ክረምት ደግሞ እርጥበት አያጣም። ከተኮሱ በኋላ ቱቦውን በዚያው ቀን በሙቅ ውኃ አጥቦ፣ አድርቆ፣ ዘይት መቀባት ያስፈልጋል። አለዚያ ዝገቱ ቦዮቹን ይበላቸዋል።